ኖብልስ ካውንቲ፦ የግብር ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል? (ለዎርዚንግተንና አካባቢዋ ሐበሾች)

የሐይቁ_ዳር

ኖቬምበር ሲመጣ ሁሌም ያው ነው። ከካውንቲው ፖስታ ይደርሳል። ሰው ከፍቶ የመጪውን ዓመት የቤት ግብር ያያል። ከዚያ ቴሌግራማችን ይታመሳል። «ከተማው ጨመረብን» ይላል አንዱ። «ካውንቲው ነው የበላን» ይላል ሌላው። ዘንድሮ ደግሞ ጥፋቱን እስከ ዋይት ሐውስ ያደረሰ ወንድም አይቻለሁ።

ስለዚህ ይህን ክር ከፈትኩ። እዚህ የቆየን ሰዎች የምናውቀውን እንጻፍ፣ አዲስ የመጡት ይጠይቁ።

መነሻው ይሄ ነው። ኖብልስ ካውንቲ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ አይዋ ድንበር ላይ ነው። በ2020 ቆጠራ 22,290 ሰው ነበረው። ከዚያ ውስጥ 13,947ቱ ዎርዚንግተን ነው የሚኖረው። የቀረው በቆሎና አኩሪ አተር፣ አሳማ፣ የነፋስ ተርባይንና ትንንሽ ከተሞች ነው።

ፖስታው ከካውንቲው ስለመጣ ገንዘቡ ሁሉ የካውንቲው አይደለም። ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ካውንቲ ለብቻ፣ ከተማ ወይም ታውንሺፕ (ከከተማ ውጭ ያለ ትንሽ የገጠር አስተዳደር) ለብቻ፣ ትምህርት ቤት ለብቻ ተጽፏል። እያንዳንዱ የራሱ የተመረጠ ቦርድ አለው፣ የራሱንም ድርሻ ራሱ ይወስናል። ካውንቲው ለሁሉም ይሰበስብና ያከፋፍላል። ስድቡን ግን እሱ ነው የሚጠጣው።

ማርታ_ጂ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ካውንቲን የማውቀው በፉድ ስታምፕና በሜዲካል ብቻ ነው። ፎርም የሞላሁት እዚያ ነበር። እንደኛ አገር ወረዳ ማለት ነው?

የሐይቁ_ዳር

ማርታዬ፣ በሥራው ይመሳሰላል። ሚኒሶታ ውስጥ የምግብና የሕክምና እርዳታን ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉና ስቴቱ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለውና የሚያስተናግደው ግን ካውንቲው ነው። መንገድ፣ እስር ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የመሬት መዝገብ፣ የምርጫ ዝግጅት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይቀር የካውንቲ ነው።

ልዩነቱ አለቃው ማነው የሚለው ላይ ነው። ከላይ የሚሾም አስተዳዳሪ የለም። አምስት ኮሚሽነሮች አሉ፣ ከአምስት ክልል ይመረጣሉ። የአገልግሎት ዘመናቸው አራት ዓመት ነው። ምርጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲያቸው አይጻፍም። ሸሪፉም ለብቻው ይመረጣል፣ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግም እንዲሁ። ኮሚሽነሮቹ በጀቱን ይዘዋል እንጂ ሸሪፉን «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ሊሉት አይችሉም። የዕለት ሥራውን የሚመራ አድሚኒስትሬተር ደግሞ ቦርዱ በደመወዝ ይቀጥራል።

ካውንቲው ግን የስቴቱ ልጅ ነው። የስቴት ሕግ ያልፈቀደለትን ማድረግ አይችልም። ብዙ ሰው «ካውንቲው ለምን ይህን አያደርግም» ሲል መልሱ «ሥልጣኑ የለውም» ነው።

ሹፌሩ_ከሱፎልስ

እኔ በ90 መንገድ በሳምንት ስንት ጊዜ አቋርጣችኋለሁ። ከሀይዌዩ የወጣሁ ቀን ግን መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ! አንድ ማይል ሄደህ መገናኛ፣ ሌላ አንድ ማይል ሄደህ መገናኛ። መሪ ማዞር ብርቅ ነው። 😄 ማን ነው በማስመሪያ የሰራው?

ታሪክ_ወዳድ

ሹፌሩ፣ በቀልድ የጠየቅከው ነገር የካውንቲው ሙሉ ታሪክ ነው። በማስመሪያ ነው የተሰራው፣ እውነትህን ነው።

ከ1785 ጀምሮ የአሜሪካ ኮንግረስ መሬት ከመሸጡ በፊት በካሬ እንዲለካ ሕግ አወጣ። አንድ ሴክሽን አንድ ማይል በአንድ ማይል ነው፣ 640 ኤከር። 36 ሴክሽን ሲገጣጠም አንድ ታውንሺፕ ይሆናል፣ ስድስት ማይል በስድስት ማይል። ኖብልስ 20 ታውንሺፕ አላት። አምስት በወርድ፣ አራት በቁመት። ካርታውን ብታየው የዳማ ሰሌዳ ነው። የምትነዳበት የጠጠር መንገድ የሴክሽኑ ጠርዝ ነው።

ከካሬው በፊት ግን ሰው ነበረበት። አገሩ የዳኮታ ሕዝብ ነው። በ1851 በትራቨርስ ደ ሱ ስምምነት ደቡባዊ ሚኒሶታን አስፈረሟቸው። ክፍያው እየዘገየና እየተቆረጠ፣ ሰው እየተራበ፣ በ1862 ጦርነት ተነሳ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ዳኮታዎችን ከስቴቱ አባረራቸው። ካውንቲው በወረቀት ላይ የተፈጠረው ከጦርነቱ በፊት በ1857 ነው። ስሙን ያገኘው ከዊልያም ኖብልስ ነው፤ ሰውዬው የግዛቱ ምክር ቤት አባልና ወደ ምዕራብ የሚሄድ የጋሪ መንገድ ቀያሽ ነበር። ግን የሚያስተዳድረው ሰው ስላልነበረ 13 ዓመት ስም ብቻ ሆኖ ቆየ። አስተዳደር የቆመለት በ1870 ነው፣ ያኔም ነዋሪው እፍኝ የማይሞላ ነበር።

ቀጥሎ ባቡር መጣ። በ1871 የሴንት ፖልና ሱ ሲቲ ሐዲድ ኦካቤና ሐይቅ አጠገብ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። ሁለት የኦሃዮ ሰዎች፣ ፕሮፌሰር ራንሰም ሂውሚስተን እና የቶሌዶ ብሌድ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ኤ ፒ ሚለር፣ ናሽናል ኮሎኒ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ሐሳባቸው መጠጥ የማይሸጥበት፣ የጨዋ ሰው ከተማ መመሥረት ነበር። ዎርዚንግተን የሚለው ስም ከሚለር አማት ቤተሰብ የመጣ ነው። ራንሰም የሚባለው ታውንሺፕ ደግሞ እስከ ዛሬ የሂውሚስተንን ስም ይዟል።

ማርታ_ጂ

መጠጥ የማይሸጥበት ከተማ?! ዎርዚንግተን?! 😂😂 ዛሬ በየጥጉ ነው።

ታሪክ_ወዳድ

አዎ። ያኔም ቢሆን ብዙ አልቆየም።

ግን ሰፋሪዎቹን የሰበራቸው መጠጥ አይደለም፣ አንበጣ ነው። ከ1873 እስከ 1877 በተከታታይ መጣባቸው። ሰው 160 ኤከር በሆምስቴድ ሕግ ወስዶ፣ ቤቱን ከሣር ሥር አፈር ቆርጦ ሰርቶ፣ የመጀመሪያ ስንዴውን ሊያጭድ ሲል በአንድ ከሰዓት በኋላ ተበላ። ጥሎ የሄደው ብዙ ነው። በኤፕሪል 1877 ገዥው ጆን ፒልስበሪ ስቴቱ በሙሉ በአንድ ቀን እንዲጸልይ አወጀ። ምህላ በሉት። በዚያው ክረምት አንበጣው ተነስቶ ሄደ። ገበሬው ጸሎቱ ነው ይላል፣ ሳይንቲስቱ ሌላ ይላል፣ እኔ መሐል አልገባም።

ከዚያ በኋላ ክፍት የነበረውን መሬት ሌሎች ያዙት። በምዕራብ በኩል አድሪያን ዙሪያ ጳጳሱ ጆን አየርላንድ ካቶሊኮችን አሰፈሩ። ሊዮታ ደግሞ ደቾች (ሆላንዶች) ናቸው። ጀርመኑ፣ ኖርዌዩ፣ ስዊዲኑ እየተከተለ ገባ። እኛ «ነባር» የምንላቸው ሰዎች ቅድመ አያቶቻቸው እንደኛው ከባቡር ወርደው መንገድ የጠየቁ ናቸው።

ዝም_አልልም

ታሪኩ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን እናንተ ሰዎች የሰርግ ፎቶ ብቻ አታሳዩን።

ዲሴምበር 12 ቀን 2006ን ማን ያወራል? በጓዳሉፔ ማርያም በዓል ቀን ነበር። ኢሚግሬሽን በአንድ ጠዋት በስድስት ስቴት የስዊፍት ሥጋ ፋብሪካዎችን ሲወር አንዱ የዎርዚንግተኑ ነበር። በአጠቃላይ ወደ 1,300 ሰው ተያዘ። እዚህ ብቻ ከ200 በላይ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ያጣ ልጅ ነበር። በዓመቱ ፋብሪካውን የብራዚሉ ጄቢኤስ ገዛው፣ ሥራው ቀጠለ። የጎደለውን ቦታ ከሞሉት ውስጥ እኛም አለንበት።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ። ልጆች በዝተው ክፍል ጠበበ። ሕንፃ ለመሥራት ቦንድ (በግብር የሚከፈል ብድር) ይፈቀድ ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ። ወደቀ። ደግመው ጠየቁ። ወደቀ። ከ2013 እስከ 2018 አምስት ጊዜ ነው የወደቀው! በመጨረሻ የጸደቀው በኖቬምበር 2019 ነው። የሚማሩት የኛ፣ የላቲኖው፣ ከበርማ የመጣው የካረኑ፣ የላኦው ልጆች ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ጋሼ «የተመረጠ ቦርድ» ይላሉ። የመረጠው ማነው?

የገበሬ_ጎረቤት

ዝም አልልም፣ የ2006ቱን ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የትምህርት ቤቱ ነገር ላይ ግን ግማሹን ነው የነገርከን።

እኔ በእህል ጎተራ ነው የምሠራው፣ ገበሬዎቹን በየቀኑ አገኛለሁ። ዘረኛ የለም አልልህም። የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ግን ሒሳቡን ተመልከት። ሚኒሶታ ውስጥ ትምህርት ቤት ለዕለት ወጪው ተጨማሪ ግብር ሲያስወስን ገበሬው የሚከፍለው በቤቱ፣ በጋራዡና በአንድ ኤከር ላይ ብቻ ነው። ሕንፃ በቦንድ ሲሠራ ግን እርሻው በሙሉ ይገባል። 600 ኤከር ያለው ሰው ልጅ ባይኖረውም፣ በቆሎው ዋጋ ቢወድቅም፣ ከመሐል ከተማ ነዋሪ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። መሬቱ በወረቀት ሚሊዮን ያወጣል፣ ኪሱ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስቴቱም ይህን ስላየ ነው በ2017 ለእርሻ መሬት ቅናሽ ያወጣው። የቦንዱን ግብር 40 በመቶ ስቴቱ ይሸፍን ጀመር። በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ ቀስ በቀስ በ2023 70 በመቶ እንዲደርስ ተደረገ። እና ቦንዱ የጸደቀው መቼ ነው? በ2019። ሰው በአንድ ሌሊት ደግ ሆኖ አይደለም።

ዝም_አልልም

ታዲያ ያው እኮ ነው። ገንዘቡ ሲቀልለት ለልጆቹ አዘነ።

የገበሬ_ጎረቤት

😅 እሺ፣ አንድ ለዜሮ።

ዝም_አልልም

ሌላም ልጨምር። በ2018 የሲቪል መብት ጠበቆች ካውንቲውንና ሸሪፉን ከሰሱ። ምክንያቱ፣ ዳኛ እንዲለቀቅ የፈቀደለት ወይም ዋስትናውን ያስያዘ ሰው ኢሚግሬሽን ስለጠየቀ ብቻ እስር ቤት ይቆይ ነበር። ፍርድ ቤቱ አገደው። ካውንቲው ይግባኝ ቢል በ2019 የስቴቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እግዱን አጸናው። ይህ የተወሰነው ዋሽንግተን አይደለም። እዚሁ የካውንቲው እስር ቤት ባለበት ፕሬሪ ጀስቲስ ሴንተር ውስጥ በተሠራ ነገር ነው።

የሐይቁ_ዳር

ይህን ስላነሳህ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም የኔ ነገር እዚያው ነው። ልጆቻችን ማታ ማታ ስለ ፕሬዚዳንቱ ይከራከራሉ። እስር ቤቱን ማን ያስተዳድራል ብትላቸው አያውቁም። ሸሪፉ በስንት ድምፅ እንዳሸነፈ አያውቁም። በእንዲህ ያለ ትንሽ ካውንቲ ምርጫ ጥቂት መቶ ድምፅ ያገላብጣል።

«የመረጠው ማነው» ላልከው፣ የኮሚሽነር ክልሎች በየአሥር ዓመቱ በሕዝብ ብዛት ነው የሚከፈሉት። ቆጠራው ደግሞ ዜጋ ሆንክ አልሆንክ፣ ሕፃን ሆንክ ሽማግሌ፣ ይቆጥርሃል። ከካውንቲው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ዎርዚንግተን ነው። ማለት የኛ ጭንቅላት ለክልሉ ተቆጥሯል፣ ድምፃችን ግን ሳጥን ውስጥ አልገባም። ዜግነት ወስዶ ሳይመዘገብ የተቀመጠውን ሰው እዚህ ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

እኛ ሄነፒን ካውንቲ ውስጥ ኮሚሽነር በዓይናችን አይተን አናውቅም። እናንተ ዋልማርት ውስጥ ታገኙታላችሁ አይደል? ለምን አታዋሩትም?

የሐይቁ_ዳር

ልክ ነህ። አንዱን እኔ ራሴ ሐይቁ ዳር ሲያጠምድ አገኘዋለሁ።

ስለ ታውንሺፕ ማንም ስላልጠየቀ እኔ ልንገራችሁ፣ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ በሚኒሶታ ታውንሺፖች ሁሉ ዓመታዊ ስብሰባ ይደረጋል። መራጩ ራሱ አዳራሽ ገብቶ ሰብሳቢ ይመርጣል፣ ከዚያ ግብሩ ስንት ይሁን የሚለውን እጁን አውጥቶ ይወስናል። ወኪል የለም። በብዙ ቦታ ሦስት ሱፐርቫይዘሮች ናቸው ዓመቱን የሚመሩት። ሥራቸው ባብዛኛው ጠጠርና በረዶ ነው። ከናንተ ውስጥ ከከተማ ውጭ ቤት የገዛ ካለ፣ ያ ስብሰባ የሱ ነው። አሥር ሰው በሚመጣበት አዳራሽ አንድ ሐበሻ ገብቶ «የኛ መንገድ ጠጠር አልቋል» ቢል የስብሰባው አጀንዳ እሱ ሆነ።

ትንንሾቹ ከተሞች ደግሞ ይብሳሉ። ኪንብሬ የምትባል ከተማ አለች፣ ነዋሪዋ ሃያ አይሞላም። እሷም በሕግ ፊት ከተማ ናት።

ሹፌሩ_ከሱፎልስ

ሃያ ሰው?? የኛ እድር ይበልጣል።

ተርባይኖቹስ? ማታ ቀይ መብራታቸው እንደ ገና ዛፍ ነው። ገንዘቡ የማን ነው?

የገበሬ_ጎረቤት

ተርባይን የቆመበት ገበሬ ኪራይ ያገኛል። ኩባንያው ለካውንቲው የሚከፍለው ግን እንደ ሕንፃ ተገምቶ ሳይሆን ባመነጨው ኤሌክትሪክ ልክ ነው። ትልቅ የተርባይን እርሻ በአንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት 1,200 ዶላር ይከፍላል። ከዚያ 80 በመቶው ለካውንቲው ይገባል፣ 20 በመቶው ተርባይኑ ላለበት ታውንሺፕ። ኖብልስ ዊንድ የሚባለው እርሻ ብቻ በ2010 ሲጠናቀቅ 134 ተርባይን፣ 201 ሜጋዋት ነበር። ነፋሱ በነፈሰ ዓመት በጀቱ ላይ ይታወቃል። ነፋስ ሲቀንስ ወይም ኩባንያው ለጥገና ሲያቆም ደግሞ ያንን ክፍተት የሚሞላው የናንተው የቤት ግብር ነው።

ከተርባይን የበለጠ ግን ገበሬን የሚያጣላው ቦይ ነው። ይህ አገር ድሮ ረግረግ ነበር። ዛሬ በቆሎ የምታዩበት ብዙ ቦታ ከሥሩ ቱቦ ተቀብሮ ውኃው ወደ ቦይ የሚወጣበት ነው። የሕዝብ ቦዩን የሚያስተዳድረው የካውንቲው ቦርድ ነው። ሲጠገን ወጪው ለሁሉም እኩል አይካፈልም። ገማቾች ወጥተው የማን መሬት ምን ያህል እንደተጠቀመ ይለካሉ፣ በዚያ መጠን ይከፈላል። «ያንተ ውኃ በኔ በኩል ነው የሚያልፈው»፣ «የለም፣ ያንተ ነው» እየተባለ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ ዓመታት ያልፋሉ። በ2015 ደግሞ ስቴቱ በቦይ ዳር 16.5 ጫማ ሳይታረስ በሣር ይቅር አለ፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር በአማካይ 50 ጫማ። ያኔ ጎተራ ውስጥ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ማርታ_ጂ

የመሬት ጠብ እዚህም አለ በሉኛ። እናቴን ልንገራት፣ ትጽናናለች።

አዲስ_ገቢ_507

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ነው ዎርዚንግተን ቤት የገዛነው። ወረቀቱ ላይ ቤቱ ከገዛንበት በላይ ተገምቷል። በዲሴምበር ስብሰባ አለ ይላል። ሄጄ ልከራከር?

የሐይቁ_ዳር

እንኳን ደስ ያላችሁ። ሂድ፣ ግን ለምን እንደምትሄድ እወቅ። ኖቬምበር ላይ የመጣው ወረቀት የሚያወራው ስለ ግብሩ መጠን ነው። የዲሴምበሩ ስብሰባ ማታ ነው፣ ሠራተኛ እንዲመጣ ተብሎ። እዚያ «ለምን ይህን ያህል ታወጣላችሁ» ማለት ትችላለህ። ዜጋ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። «ቤቴ ተጋንኖ ተገመተ» ካልክ ግን በትህትና «ጊዜው አልፏል» ይሉሃል።

የቤት ግምት የሚወሰነው በጃንዋሪ 2 ባለው ዋጋ ነው። ማስታወቂያው በማርች አካባቢ በፖስታ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ለምትከፍለው ግብር። ያን ወረቀት ሰው ሁሉ «ይህ ቢል አይደለም» የሚለውን አይቶ ይጥለዋል። አትጣለው! መጀመሪያ አሴሰሩ (የካውንቲው ንብረት ገማች) ቢሮ ደውል። ካልተስማማችሁ በኤፕሪልና በሜይ የአካባቢ ይግባኝ አለ፣ ከዚያ በጁን የካውንቲው ቦርድ ይሰማል። ቀኑና ቦታው እዚያው ወረቀት ላይ አለ። አንተ ጋ ጥሩ ማስረጃ አለህ፣ የገዛህበት ዋጋ። በአካባቢህ የተሸጡ የሚመሳሰሉ ቤቶችን ዋጋም ያዝ። ስለ ኑሮ ውድነት ብታወራ ያዝኑልሃል እንጂ ግምቱን አይቀንሱልህም።

አዲስ_ገቢ_507

በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግሊዝኛዬ ግን ለስብሰባ አይሆንም።

ማርታ_ጂ

እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሆምስቴድ ግን ሞልታችኋል?

አዲስ_ገቢ_507

ሆምስቴድ ምንድነው? ያ የ160 ኤከሩ?

ታሪክ_ወዳድ

😂 ያ በ1862 ነው ወንድሜ፣ አልቋል።

የሐይቁ_ዳር

ይህኛው ሌላ ነው። «በቤቱ የምኖረው እኔ ነኝ፣ አላከራየሁም» ብለህ የምታስመዘግበው ነው። ግብር የሚሰላበት ዋጋ ይቀንስልሃል፣ ሌላ ተመላሽ ለመጠየቅም በር ይከፍትልሃል። ዜግነት አይጠይቅም። ማመልከቻው የሚሰጠው አሴሰሩ ቢሮ ነው፣ ጊዜው እስከ ዲሴምበር 31። ካመለጠህ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ አከራይ ነው የምትከፍለው። ባለቤትህም ስሟ ካለበት እሷም ትፈርም። የሁለታችሁንም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

አዲስ_ገቢ_507

ነገ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው?

ማርታ_ጂ

ማታ ሺፍት ነህ አይደል? ጠዋት ወጥተህ ሳትተኛ ሂድ። እኔም እዚያው አካባቢ ነኝ፣ ደውልልኝ።